ያውቁ ኖሯል? ስለ ጥርስ ክር፣ ስለ ሰሙና ስለ ማሸጊያው

በጥርስና በጥርስ መሃል የገባን ነገር መጎርጎር ከሰው ልጅ ጥንታዊ ልማዶች አንዱ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ከኢትዮጵያ ኦሞ ሸለቆና ከታንዛኒያ ኦልዱቫይ ገደል በተገኙ፣ 1.8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠሩ የሆሞ ሀቢሊስ ጥርሶች ላይ፣ ጥርስ ከጥርስ በሚገናኝበት ጎን ቀጭን ቦይ ይታያል። ቦዩን የፈጠረው ደጋግሞ የገባ ስንጥር ወይም የሣር አገዳ እንደሆነ ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ።

መፋቂያስ? በኢትዮጵያ ተማሪ ልጆች ላይ ተደርጎ በ1978 የታተመ ጥናት፣ በአግባቡ የተያዘ መፋቂያ ከብሩሽ እንደማያንስ፣ እንዲያውም በመጠኑ እንደሚበልጥ አሳይቷል። (በዚህ ዓምድ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የዓለም ጤና ድርጅትም መፋቂያ በሚገኝበት አገር ሰዉ እንዲጠቀምበት ሲያበረታታ ቆይቷል።

መፋቂያም ብሩሽም ግን ወሰን አላቸው። አንድ መንጋጋ አምስት ገጽ አለው፦ የሚያኝክበት፣ ወደ ጉንጭ የሚያየው፣ ወደ ምላስ የሚያየው፣ ከፊትና ከኋላ ጎረቤቶቹ ጋር የሚነካካባቸው ሁለት ጎኖች። ብሩሽ ሦስቱን ያዳርሳል፤ ሁለቱ ጎኖች ግን እንዳደፉ ያድራሉ። ቁርጥ ከበሉ በኋላ የሚያነሱት ስቴኪኒ የተሰነቀረውን ሥጋ ያወጣልዎታል፤ የጥርሱን ጎን አቅፎ እስከ ድድ ሥር መጥረግ የሚችለው ግን ክር ነው።

የመጀመሪያው የጥርስ ክር የተፈጥሮ ክር እንደነበረ ያውቁ ኖሯል? በኒው ኦርሊንስ ይሠራ የነበረው የጥርስ ሐኪም ሌቪ ስፒር ፓርምሊ በ1819 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰዎች ሰም የተቀባ የሐር ክር በጥርሳቸው መሃል እንዲያሳልፉ መከረ። ዛሬ በውድ ዋጋ «አዲስ» ተብሎ በመስታወት ብልቃጥ የሚሸጠው፣ ሐርና ሰም ብቻ ያለበት ክር፣ ያኔ ፓርምሊ ያዘዘው ነው።

ለገበያ የቀረበው ዘግይቶ ነው። በማሳቹሴትስ የነበረው ኮድማን ኤንድ ሸርትለፍ የተባለ ድርጅት በ1882 ሰም ያልተቀባ የሐር ክር መሸጥ ጀመረ። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ደግሞ በ1898 የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ክሩም ቀዶ ሐኪሞች ቁስል ከሚሰፉበት ሐር የተሠራ ነበር።

ታዲያ ሐሩ የት ሄደ? ጦርነት ወሰደው። አሜሪካ ሐሯን በብዛት የምታስመጣው ከጃፓን ነበርና፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምንጩ ተዘጋ፤ የተገኘውም ለፓራሹት ተፈለገ። በዚያ ጊዜ ቻርልስ ባስ የተባለው ሐኪም ናይለንን ለጥርስ ክር አዋለ። ናይለን ራሱ ገና ልጅ ነበር፤ ዱፖንት ኩባንያ ውስጥ ዋላስ ካሮዘርስ የሠራው በ1935 ነው፤ በ1938 በመጀመሪያ ለገበያ የበቃውም ለሴቶች የእግር ሹራብ ሳይሆን ለጥርስ ብሩሽ ፀጉር ነበር።

ናይለን ከሐር ይልቅ አይበጣጠስም፣ ርካሽም ነው። ስለዚህ ጦርነቱ ካለቀ በኋላም ሐር ወደ ቦታው አልተመለሰም። ጥንካሬውን ለመገመት ይህን ይስሙ፦ በ1994 በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ አንድ እስረኛ የጥርስ ክር ጎንጉኖ ገመድ ሠራና 5.5 ሜትር ገደማ የሚሆን ግንብ ተንጠላጥሎ አመለጠ። አንድን ሰው የሚሸከም ክር ግን ቆሻሻ ውስጥ ከተጣለ በኋላም ያው ነው፤ አይበሰብስም።

የሐር ትል ራሱን የሚጠቀልልበት ጎጆ፣ ኮኩን የሚባለው፣ አንድ ሳይቋረጥ የሚተረተር ጭረት መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ600 ሜትር በላይ ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር የሚያልፍም አለ። ጭረቱ በጣም ስስ ስለሆነ አንድ የጥርስ ክር ለመሥራት የብዙ ጎጆዎች ጭረት ተጣምሮ መገመድ አለበት። ጭረቱ ሳይቆራረጥ እንዲተረተር ደግሞ ጎጆው የእሳት እራቷ በስታው ከመውጣቷ በፊት በሙቅ ውሃ ይቀቀላል፤ ውስጡ ያለው ነፍስ ይሞታል። «የሰላም ሐር» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ይህን ማወቅ አለበት፦ በዚያኛው አሠራር የእሳት እራቷ ወጥታ ከሄደች በኋላ ነው ጎጆው የሚፈተለው። የተቆራረጠ ጭረት ስለሚሆን እንደ ጥጥ ይፈተላል፤ ክሩም ትንሽ ሻካራ ነው።

ሐር ፕሮቲን ነው። ቀዶ ሐኪሞች በሕክምናቸው «የማይሟሟ ክር» ብለው ቢመድቡትም በሰው አካል ውስጥ ቀስ በቀስ ጉልበቱን እያጣ ይሄዳል። አፈር ውስጥም ተህዋስያን ይበሉታል። ያልተቀባና ከናይለን ጋር ያልተቀላቀለ ሐር በጓሮ ብስባሽ ጉድጓድ ሊጣል የሚችለው ለዚህ ነው።

ሐር ከኛ ታሪክ ጋር ምን አገናኘው? የባይዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ እንደጻፈው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ዮስቲንያኖስ ወደ አክሱሙ ንጉሥ ካሌብ መልእክተኛ ልኮ ነበር፤ ዘመኑ 530ዎቹ መባቻ ላይ ነው። ጥያቄው የንግድ ነበር። ባይዛንታይኖች ሐር የሚገዙት ከጠላታቸው ከፋርስ ስለነበር፣ አክሱማውያን ከሕንድ ገዝተው ቢሸጡላቸው ሁለቱም ወገን ይጠቀማል የሚል ነው። አልተሳካም፤ የሕንድ መርከቦች መጀመሪያ በሚያርፉባቸው ወደቦች የፋርስ ነጋዴዎች ቀድመው ጭነቱን በሙሉ ይገዙት ነበር። ጥቂት ቆይቶ፣ በ550ዎቹ፣ መነኮሳት የሐር ትል እንቁላል ወደ ቁስጥንጥንያ ይዘው ገቡና ነገሩ ሁሉ ተለወጠ።

ዛሬስ ሐር በኢትዮጵያ ይመረታል? አዎ። ኤሪ የሚባለው የሐር ትል የሚመገበው የጉሎ ቅጠል ነው፤ ጉሎ ደግሞ በየአጥሩ ጥግ የሚበቅል የምሥራቅ አፍሪካ ተክል ነው። የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በዘርፉ ሲሠራ ቆይቷል፤ በ2004 አዲስ አበባ ውስጥ የተመሠረተው ሳባሃር የተባለ ድርጅትም ኤሪ ሐርንና ጥጥን በእጅ እያስፈተለና እያሸመነ ወደ ውጭ ይልካል። የኤሪ ጎጆ አንድ ጫፉ ክፍት ስለሆነ የእሳት እራቷ ሳትበሳው ልትወጣ ትችላለች። ጭረቱ ግን እንደ ሌላው ሐር በአንድ ወጥ አይተረተርም፤ ለልብስ ያማረ ነው፣ ጠባብ ጥርስ መሃል ለሚገባ ቀጭን ክር ግን ያን ያህል አይመችም።

የገዙት ክር እውነተኛ ሐር መሆኑን ቤትዎ ማረጋገጥ እንደሚችሉ ያውቁ ኖሯል? ማሸጊያው ላይ ሐር መሆኑ ከተጻፈ ጣት የሚያህል ቁራጭ ይውሰዱና በፈላ ውሃ አንክረው ሰሙን ያስለቅቁት፤ ሰሙ ካልወጣ እንደ ሻማ ይነድና ያሳስትዎታል። ይድረቅ። መስኮት ይክፈቱ፣ ክሩን በወረንጦ ይዘው ከዕቃ ማጠቢያው በላይ ክብሪት ያስነኩት። ሐር እሳቱን እየሸሸ ይኮማተራል፤ ፀጉር ሲያር የሚሸተውን ይሸታል፤ ጫፉ ላይ የሚቀረው ጥቁር አመድ በጣትዎ ሲያሹት ይደቃል። ናይለንና ፖሊስተር ይቀልጣሉ፤ ሲበርዱም ጫፋቸው ላይ በጥፍር የማይሰበር ጠንካራ ጠብታ ይቀራል። አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ጠፍጣፋና በጣም አንሸራታች የሆነውን፣ ወይም ምንነቱ ያልተጻፈበትን ክር አያቃጥሉ። ቴፍሎን ከሆነ ጭሱ መርዛማ ነው።

በሐር ፋንታ ከበቆሎ ወደሚሠራው ክር እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ትል የማይገደልበት «ከበቆሎ የተሠራ» ክር ፒ.ኤል.ኤ. ከሚባል ነገር የተሠራ ነው። የበቆሎው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ስኳሩ በባክቴሪያ ይብላላና ላክቲክ አሲድ ይሆናል፤ ያ አሲድ ተያይዞ ረጅም ሰንሰለት ሲሠራ ፕላስቲክ ይሆናል። አዎ፣ ፕላስቲክ ነው። ምንጩ ነዳጅ ሳይሆን እህል ነው፤ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ነገር ግን በቆሎ ነበረ ማለት እንደ በቆሎ ይበሰብሳል ማለት አይደለም። ፒ.ኤል.ኤ. በደንብ እንዲፈርስ 58 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሆነ ሙቀትና እርጥበት ለሳምንታት ይፈልጋል። ይህ የሚገኘው በትልልቅ የኮምፖስት (የብስባሽ) ፋብሪካዎች ነው። በጓሮ ጉድጓድ፣ በወንዝ ወይም በባሕር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ልዩነቱን ማሸጊያው ይነግርዎታል። የአውሮፓው መመዘኛ ኢ.ኤን. 13432 የሚያረጋግጠው በፋብሪካ ኮምፖስት መፍረሱን ነው፤ ቢያንስ 90 በመቶው በ6 ወር ውስጥ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለወጥ አለበት። ቱፍ ኦስትሪያ የሚባለው መርማሪ ድርጅት ደግሞ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ይሰጣል፤ አንዱ ለፋብሪካ፣ ሌላው ለቤት ኮምፖስት። «ኮምፖስት ይሆናል» ብሎ የት እንደሚሆን ያልተናገረ ማሸጊያ የጉዳዩን ግማሽ ደብቆብዎታል ማለት ነው።

ፒ.ኤል.ኤ. 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ እንደሚጀምርስ ያውቁ ኖሯል? በዱባይ ወይም በሪያድ በጋ በተዘጋ መኪና ውስጥ የተረሳ ጥቅል ለዚህ ሙቀት ሊጋለጥ ይችላል። ሙቀትና እርጥበት ጉልበቱን ስለሚነሱትም የዓመት ቀለብ በአንድ ጊዜ ገዝቶ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ማከማቸት አይበጅም።

ጥቁሩ «የቀርከሃ ከሰል» ክር ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ነው። ቀርከሃው ላዩ ላይ የተነሰነሰው የከሰል ዱቄት ብቻ ነው። ከፊት ያለውን የቀርከሃ ሥዕል ትተው ጀርባውን ያንብቡ።

በጣም አንሸራታቹ ክርና የመጥበሻ ሽፋን ዘመዳሞች እንደሆኑ ያውቁ ኖሯል? ቴፍሎን በ1938 በዱፖንት ኬሚስት ሮይ ፕለንኬት በአጋጣሚ የተገኘ ነው፤ በማሸጊያ ላይ ፒ.ቲ.ኤፍ.ኢ. ተብሎ ይጻፋል። ጠባብ ጥርስ መሃል ያለ ችግር ስለሚገባ ብዙ ሰው ይወደዋል። በጃንዋሪ 2019 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በካሊፎርኒያ 178 ሴቶችን መርምሮ፣ ይህን ዓይነት ክር የሚጠቀሙት በደማቸው ውስጥ ፒ.ኤፍ.ኤች.ኤክስ.ኤስ. የተባለው ኬሚካል ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አሳየ። ኬሚካሉ በተፈጥሮ በቀላሉ ከማይፈርሱት የፒፋስ ቤተሰብ ነው፤ በ2022 በስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገዱ ከተወሰነባቸው መካከል ገብቷል። ጥናቱ ያሳየው ተዛምዶን ነው፤ ኬሚካሉ ከክሩ ወደ ደም መግባቱን አላረጋገጠም፤ የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበርም በቂ ማስረጃ አይደለም ብሏል። እኔ ግን ሌላ አማራጭ እያለ ይህን ክር አልመርጥም፤ ጓሮ ውስጥም ወንዝ ውስጥም አይፈርስምና።

አሁን ሰሙ። ክሩ ሐር ሆኖ የተቀባው ሰም ከነዳጅ የወጣ ሊሆን እንደሚችል ስንቶቻችን እናስባለን? «ሰም» ብቻ ብሎ ዝም ያለ ማሸጊያ መጠየቅ አለበት። የተፈጥሮ ከሆኑት ሦስቱን በብዛት ያገኟቸዋል።

የንብ ሰም 62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ኢትዮጵያ በማርም በሰምም ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ናት፤ ከሰሙ ብዙው የሚገኘው ከጠጅ ቤት መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ያልተጣራው ማር ከነሰፈፉ ይበጠበጣል፤ ጠጁ ሲጣል የሚቀረውን ሰፈፍ ነጋዴዎች እየዞሩ ይሰበስቡታል፤ ቀልጦና ተጣርቶ ጧፍ ይሆናል፣ ወደ ውጭም ይላካል። የትኛው የጥርስ ክር ላይ የየት አገር ሰም እንዳለ ማሸጊያው አይናገርም፤ ቢናገር ግን ለአገራችን ንብ አናቢ መልካም ገበያ ይሆን ነበር።

ካንደሊላ ሰም ከሰሜን ሜክሲኮ በረሃ ከሚበቅል ቅጠል አልባ ቁጥቋጦ ይወጣል። ግንዱ አሲድ በተጨመረበት ውሃ ሲፈላ ሰሙ ላዩ ላይ ይሰፍፋል፤ ድሮ ሰልፈሪክ አሲድ ነበር፣ አሁን አንዳንዶች በሎሚ አሲድ ይተኩታል። ተክሉ በዱር ስለሚሰበሰብ ዓለም አቀፍ ንግዱ ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሥር ቁጥጥር ይደረግበታል። ካርናውባ ሰም ደግሞ የሰሜን ምሥራቅ ብራዚል የዘንባባ ቅጠል ላይ ያለ ሽፋን ነው፤ መኪና የሚያብረቀርቀውም፣ ከረሜላ የሚያንጸባርቀውም እሱ ነው። 80 ዲግሪ እስኪያልፍ አይቀልጥምና ለሞቃት አገር ይመቻል።

በአንድ ጥቅል ላይ ሐሩና ሰሙ ተፈጥሯዊ ሆነው ማጣፈጫው ዛይሊቶል ከሆነ፣ ውሻ ያላቸው ሰዎች ይጠንቀቁ። ለሰው ጥርስ ደግ የሆነው ይህ ጣፋጭ ለውሻ መርዝ ነው፤ የውሻውን የደም ስኳር በድንገት ያወርደዋል።

አንድ ሰው በዓመት ስንት ሜትር ክር ይፈጃል? የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ለአንድ ጊዜ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመክራል። አብዛኛው በሁለቱ መሃል ጣቶች ላይ ይጠመጠማል፤ በመሃል ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ይቀራል። ወደ ቀጣዩ ጥርስ ሲሄዱ ከአንዱ ጣት እየፈቱ በሌላው ይጠመጥማሉ፤ እያንዳንዱ ጥርስ ንጹሕ ክር የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። በቀን አንዴ ከሆነ በዓመት 164 ሜትር ማለት ነው። የ30 ሜትር ጥቅል 66 ቀን ይዘልቃል፤ አራት ሰው ያለበት ቤት በዓመት 22 ጥቅል ይጨርሳል። የማሸጊያው ጉዳይ ቁም ነገር የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ 22 የፕላስቲክ ሳጥን ወይስ 22 የወረቀት መሙያ?

የተለመደውን ሳጥን ፈተው አይተውት ያውቃሉ? ሳጥኑ ፖሊፕሮፒሊን፣ ክሩ የተጠቀለለበት ማሰሪያ ሌላ ፕላስቲክ፣ መቁረጫው ትንሽ ብረት፣ ሱቅ ውስጥ የተሰቀለበት ደግሞ ካርቶን ላይ የተጣበቀ ግልጽ ፕላስቲክ። ሁሉም አንድ ላይ ተጣብቀው ስለሚጣሉ መልሶ መጠቀም አስቸጋሪ ነው። በእጀታ የሚመጣው፣ ባለ ሹካ ቅርጹ የፕላስቲክ ክር ከሁሉም ይብሳል፦ ለጥቂት ሳንቲ ሜትር ክር በየቀኑ አንድ እጀታ ይጣላል። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ወይም ጣቱ ለሚያመው ሰው ግን እጀታ የግድ ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ የሚበጀው ክሩ ብቻ የሚቀየርበት፣ ቋሚ እጀታ ያለው ነው።

ማሸጊያ ላይ ያለው ባለ ሦስት ቀስት ትሪያንግል «መልሶ ይሠራበታል» ማለት አለመሆኑን ያውቁ ኖሯል? በውስጡ ያለው ቁጥር የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው የሚናገረው። 5 ፖሊፕሮፒሊን ነው። 7 «ሌላ» ማለት ነው፤ ፒ.ኤል.ኤ.ም እዚያ ውስጥ ይወድቃል።

የመስታወት ብልቃጥስ? መስታወት ጥራቱ ሳይቀንስ ደጋግሞ ይቀለጣል። ሆኖም በአሜሪካ ብዙዎቹ የቆሻሻ መለያ ማሽኖች 5 ሳንቲ ሜትር ገደማና ከዚያ ያነሰን ዕቃ በወንፊታቸው ያንጠባጥቡታል፤ ትንሿ ብልቃጥና ክዳኗ ሳይለዩ ሊያልፉ ይችላሉ። መስታወት ከባድ ነው፣ ለማቅለጥም ብዙ ነዳጅ ይፈጃል። ስለዚህ ብልቃጥ የሚጠቅመው ለዓመታት ደጋግመው ሲሞሉት ነው። በየሁለት ወሩ አዲስ ብልቃጥ የሚገዛ ሰው ከፕላስቲኩ ሳጥን የተሻለ ሠርቷል ለማለት እቸገራለሁ። ከመግዛትዎ በፊት መሙያው ለብቻው የሚሸጥ መሆኑን፣ ክዳኑም የጥቅሉን መጠን የሚቀበል መሆኑን ይመልከቱ። ብልቃጧ የወለል ንጣፍ ድንጋይ ላይ ብትወድቅ የምትሰበር መሆኗንም አይርሱ፤ ልጆች ባሉበት ቤት የቆርቆሮ ወይም የጠንካራ ካርቶን ሳጥን ይሻላል።

መሙያው የመጣበትን ከረጢት ይቅደዱት። ወረቀት ከሆነ ጠርዙ ላይ ጭረቱ ፀጉር ፀጉር እያለ ይቀደዳል። ጠርዙ ላይ የሚለጠጥ ስስ ነገር ብቅ ካለ ውስጡ በፕላስቲክ ተለብዷል። ግልጽ ሆኖ ሲጨብጡት የሚንኮሻኮሽና አንዴ ከተቀደደ በቀላሉ የሚተረተር ከሆነ ሴሎፎን ሊሆን ይችላል፤ ስዊዘርላንዳዊው ዣክ ብራንደንበርገር በ1908 የፈጠረው፣ ከእንጨት የሚሠራ ስስ ሽፋን ነው። ሴሎፎን ያለ ተጨማሪ ቅብ ከሆነ ይበሰብሳል።

በምንም ዓይነት ክሩን ሽንት ቤት ውስጥ አይጣሉ፤ ሐርም ቢሆን። በውሃ አይሟሟም፤ ከፀጉርና ከሶፍት ጋር ተጠማዞ ቱቦ ይዘጋል።

የሚበሰብስ ክር የትም ቢጣል ይበሰብሳል ማለት ነው? አይደለም። ከሌላ ቆሻሻ ጋር ተደባልቆ እንደ አዲስ አበባው ቆሼ ባለ የቆሻሻ መጣያ ከተቀበረ አየር አያገኝም፤ አየር በሌለበት የሚፈርስ ነገር ደግሞ ሚቴን ይለቃል። በሲያትል ከ2015 ጀምሮ የምግብ ትራፊን ከተራ ቆሻሻ ጋር መጣል የተከለከለ ስለሆነ፣ እዚያ ላሉ ወገኖቻችን የኮምፖስት ገንዳ በደጃቸው አለ፤ ቢሆንም ገንዳው የሚቀበለው የተፈቀደለትን ብቻ ነውና የበቆሎ ክርን ከመጨመራቸው በፊት የከተማውን ዝርዝር ማየት ያስፈልጋል። ጓሮ ያለው ሰው ደግሞ የሐሩን ክር ቆራርጦ ከቡና አተላና ከልጣጭ ጋር ይቀብረው፤ ረጅም እንዳለ ከተጣለ ወፍ እግር ላይ ሊጠመጠም ይችላል።

ክር መጠቀም ራሱ ጥያቄ ተነሥቶበት እንደነበር ያውቁ ኖሯል? በ2016 አሶሼትድ ፕሬስ የዜና ወኪል ማስረጃው ደካማ መሆኑን ዘግቦ ብዙ አነጋገረ። በ2019 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ደግሞ ጥናቶቹን ሰብስቦ፣ ከብሩሽ በተጨማሪ ክር ወይም የጥርስ መሃል ብሩሽ መጠቀም ከብሩሽ ብቻ ይልቅ የድድ ብግነትን ሊቀንስ እንደሚችል ደምድሟል፤ የማስረጃው ጥራት ዝቅተኛ መሆኑንም አልሸሸገም። ጥርስዎ መሃል ሰፊ ክፍተት ካለ ትንሿ የመሃል ብሩሽ ከማንኛውም ክር ትበልጣለች። ጥርስዎ ከተጣበቀ ሰም የተቀባ ቀጭን ክር ይምረጡ፤ ያልተቀባ ሐር ይተረተርና ጭረቱ ጥርስዎ መሃል ይቀራል።

ሲጀምሩ ድድዎ ቢደማ አያቁሙ። ብዙ ጊዜ የሚደማው ቀድሞውንም ስለተቆጣ ነው፤ በየቀኑ በእርጋታ ከተጸዳ በአንድ ሁለት ሳምንት ይሻለዋል። ካልተሻለው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ለልጅዎ ደግሞ ሁለት ጥርሶቹ ተነካክተው ከታዩ ክር የሚጀመርበት ጊዜ ደርሷል።

የቃላቱ ነገርስ በሕግ ይጠየቃል? የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2012 ባሻሻለው መመሪያ፣ ያለ ማብራሪያ «ይበሰብሳል» የተባለ ዕቃ ሰዎች እንደተለመደው ከጣሉት በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ሙሉ በሙሉ መፍረስ አለበት ይላል። መሬት ውስጥ የሚቀበር ቆሻሻ ይህን አያሟላም። ካሊፎርኒያ ከዚያም አልፋ «ባዮዲግሬደብል» የሚል ጽሑፍ ያለበት የፕላስቲክ ዕቃ እንዳይሸጥ ከልክላለች። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባወጣው መመሪያ ደግሞ «ለአካባቢ ተስማሚ»፣ «አረንጓዴ» እና መሰል ጥቅል ቃላትን ያለ ማስረጃ ማሸጊያ ላይ መጻፍ የተከለከለ ይሆናል፤ ተፈጻሚ የሚሆንበት ቀን ሴፕቴምበር 27፣ 2026 ነው። በአውሮፓ የሚኖር አንባቢ ከዚያ ቀን በኋላ በመደብር መደርደሪያ ላይ «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚል የጥርስ ክር ካየ፣ ማስረጃው የት እንዳለ ሻጩን ሊጠይቅ ይችላል።